አይዞሽ ናው

ሰፈሩ ያወጣለት ስም አራሚው ነው። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ጽሑፍ ሲያርም ኖሯል። ጡረታ ወጥቶ የሚያርመው ሲያጣ ደግሞ መንገድ ለመንገድ ማረም ጀመረ። አንድ ቀን ዳቦ ቤቱ በር ላይ «ትኩስ ዳቡ አለ» የሚል ካርቶን ተሰቅሎ አየ። ቀይ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዘዘና «ዳቡ»ን «ዳቦ» አደረገው። ጋጋሪው ክንዱ ድረስ ዱቄት እንደለበሰ ወጥቶ፣

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ሳምንት ሙሉ ሲገዛኝ ነው የሰነበተው። ዳቡም ቢሆን ይበላል!» አለው።

«ይበላል፤ አይነበብም እንጂ» ብሎት መንገዱን ቀጠለ።

ማረም ሁለት ዓይነት ነው። ገበሬው አረሙን ይነቅላል፣ አራሚው ስህተቱን ይነቅላል። ታዲያ ገበሬም አንዳንዴ እጁ ይስትና አረም መስሎት ቡቃያውን ይዞ ይመጣል። አራሚውም በዕድሜው አንድ ቡቃያ ነቅሏል፤ የነቀለው ከገዛ ሚስቱ አፍ ነው።

ቤቱ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ ለብቻ ሰው አንዱም ይበዛል። መስኮቱ ሥር የሚስቱ የእግር ስፌት መኪና ነጠላ አንሶላ ለብሳ ቆማለች። ጎኗ ካለው መደርደሪያ ላይ አሮጌ ቴፕ ተቀምጧል። አራሚው ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ያነባል፤ የሚያነበውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ማተሚያ ቤት የሚታረመው በጥንድ ነበር፤ አንዱ ዋናውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በታተመው ላይ ዓይኑን እያስኬደ ይከተላል። ነጥቡም ሰረዙም በአፍ ይጠራል። እና አሁንም ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ «የውኃ መስመሩ ጥገና ተጠናቀቀ፣ አራት ነጥብ፤ ነዋሪዎች ግን፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ውኃ አላየንም ይላሉ፣ አራት ነጥብ» ይላል። የሚከተለው የለም። ለመኪናዋ ነው የሚያነበው ብንል ይቀላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቴፑ ውስጥ ያለችውን ካሴት ያመጣላት እሱ ራሱ ነው፤ ዝናብ ሲያባርረው አንድ ጥግ ተጠልሎ፣ እዚያው ከተጠለለ አዟሪ ይሉኝታ ይዞት የገዛት። ሽፋን የላትም። ከላይዋ በእጅ ጽሑፍ «የድሮ ሬጌ» ይላል፤ የ«ጌ»ዋ ቀለበት እንኳ አልነበረችም፣ እሱ ነው በኋላ የጨመረላት።

የካሴቷ ሦስተኛ ዘፈን ሲመጣ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ በጆሮ አይገባም፤ ከወለሉ ተነስቶ በእግር ነው የሚወጣው። ጊታሩ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው እግሩን ባነሳበት ሰዓት ነው ጫ የሚለው፣ እንደ ተንኮለኛ ጎረቤት ባልጠበቁት በኩል። የመኪናዋ ፔዳል ወረድ ሲል ቤዙ፣ ከፍ ሲል ጊታሩ። የቀን ሥራ የሰበረው ትከሻ ሳያስፈቅድ ይፈታል፣ አንገት ሳይጠየቅ ይነቀነቃል። ዘፋኙ ችግሩን ሁሉ ይዘረዝራል ይባላል፤ ታዲያ ሲዘረዝር እንኳ ችግሩ የሚጨፍር ይመስላል።

መጀመሪያ የሰማች ቀን መኪናዋን ገታ አድርጋ፣

«ሰማኸው? አይዞሽ አለኝ እኮ!» አለችው።

«ማን?»

«ዘፋኙ ነዋ! ስማው እስቲ። አይዞሽ ናው፣ አይዞሽ ናው።»

«አንቺ ሴት፣ ሰውዬው በእንግሊዝኛ ነው የሚዘፍነው። ባሕር ማዶ ተቀምጦ የኛን ቋንቋ ከየት ያመጣል?»

«ሰው ለማጽናናት የፈለገ ቋንቋ አያጣም።»

«እሺ፣ አይዞሽ ይሁንልሽ። ናው ምንድን ነው?»

«ነው ለማለት ነው። አፉ አልፈታለትም እንጂ።»

«እኔንስ ለምን አይዞህ አይለኝም? እኔ ጭንቀት የለብኝም?»

«አንተን ማን ደፍሮ! ገና አይዞ ብሎ ሳይጨርስ ታርመዋለህ።»

በዚህ እየተሳሳቁ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሁልጊዜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ወገቧ ሲደክምና የመጨረሻው ልብስ ሲቀራት፣ ካሴቷን ታስገባለች። ሦስተኛው ዘፈን ሲደርስ ድምጿን ለቃ፣ «አይዞሽ ናው!» እያለች የሰው ሱሪ ትገጣጥማለች።

አራሚውን ግን ነገሩ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ሲበላው ሲበላው ከረመና አንድ ቀን ካሴቷን ኪሱ ከቶ ማተሚያ ቤት ይዟት ሄደ። እዚያ እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ፊደል ለቃሚ ነበር። ያ ሰው ሦስቴ አዳመጠና በወረቀት ጻፈለት። አራሚው ደስታው ደስታ አይምሰላችሁ! ማታ ቤቱ ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ አንድ ገጽ የእርማት ወረቀት አወጣ። መሐሉ ላይ «አይዞሽ ናው» ብሎ ጽፎ በቀይ ሰርዞታል፤ ጠርዙ ላይ እርማቱ ሰፍሯል።

«አይ ሶ ሹር ናው ነው የሚለው» አላት። «አሁን እርግጠኛ ነኝ ማለት ነው።»

ሚስቱ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። «እርግጠኛ ነኝ? በምኑ?»

«ዘፈኑ አይገልጸውም።»

«እንግዲህ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለራሱ ነበር የሚያወራው በለኛ!» አለችና ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያን ዕለት የእሱ ሁለቱም አልታወቀውም።

ከዚያ በኋላም ካሴቷን ማስገባት አልተወችም። ሦስተኛው ዘፈንም ይመጣል። ያ ቦታ ሲደርስ ግን ከንፈሯን ገጥማ «ም-ም-ም ም» ብላ ታልፈዋለች። አራሚው በሁለተኛው ሳምንት ልብ አለው፤ እርማቱ ተቀባይነት አገኘ ብሎ ደስ አለው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አፏን ገጥማ ኖረች።

ስትታመምም ይኸው ጠባዩ አልለቀቀውም። ሐኪሙ ያለውን ነጥቡን ሰረዙን ሳያስቀር ነገራት፤ ግማሽ በግማሽ ነው ዕድሉ አላት።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው ከአልጋዋ ሆና።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን እንዴት እናገራለሁ?»

ትራሷ ላይ ቀና አለች። ከዚያ እጁን መታ መታ አድርጋ፣ «አይዞህ» አለችው። ታማሚዋ ለጠያቂው።

እሷ ካለፈች ዓመት ሊሞላ ነው። አራሚው አሁን በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ካሴቷን እሱ ያስገባል። ክሯ የላላች ጊዜም በቀይ እስክሪብቶው ያጠነጥናታል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቃል አንዲት ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እሷ እንደሰማችው መስማት። ቢሰማው የነቀለውን እንደ መለሰላት ይሆናል ብሎ ያምናል። ሙት ምን ይሰማል ብላችሁ እንዳትከራከሩት፤ እሱም በዚህ ራሱን ተከራክሮ ተሸንፏል።

ጆሮው ግን እምቢ አለው። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት የሚሰማው ጥርት ያለ «አይ ሶ ሹር ናው» ነው። ጥጥ ጆሮው ውስጥ ወትፎ ሞከረ። ቴፑ ላይ ፎጣ ጣለበት። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ከውኃው ባልዲ ጋር ተፋጦ አዳመጠ። ደረጃው ላይ ወጥቶ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው እየዞረ አዳመጠ። አይ ሶ ሹር ናው! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ይሰማ ነበር፤ ይህን ያህል ባዳ መሆኑን ግን አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ መርፌ ፍለጋ የመኪናዋን መሳቢያ ሲጎትት ያንን የእርማት ወረቀት አገኘው። ሚስቱ ኮሌታ መቁረጫ አድርጋዋለች። በመቀስ ዙሪያውን ከርክማው የኮሌታ ቅርጽ ይዟል፤ መርፌዎችም ተሰክተውበታል። ጠርዙ ላይ የነበረው እርማት ከቁራጩ ጋር ሄዷል። መሐሉ ላይ የቀረው በቀይ የተሰረዘው «አይዞሽ ናው» ብቻ ነው። ኮሌታ ስትቆርጥ ይሁን ነገር ስትቆርጥ እንጃ፤ እሷን መጠየቅ ቀርቷል።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው። አራሚዎች ዘንድ አንድ ምልክት አለ። ተሳስተህ የሰረዝከው ቃል ልክ ሆኖ ከተገኘ፣ ከሥሩ ነጠብጣብ ትደረድርና ጎኑ ላይ «ይቆይ» ብለህ ትጽፋለህ። ስረዛው ተሰረዘ ማለት ነው። አራሚው በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ ምልክት የተጠቀመበትን ጊዜ በአንድ እጁ ጣት ይቆጥረዋል። እስክሪብቶውን አወጣ። ግን እርግጠኛ ሳይሆን እንዴት ያድርገው? ዘፋኙ አይዞሽ አላለማ! እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ።

በዚያው ሰሞን ቴፑ ካሴቷን በላት። ዘፈኑ መሐል ላይ ድምፁ እንደ ሰካራም ተንገዳገደና ቀጥ አለ። አራሚው ሲከፍተው ክሩ ከጥርሱ መሐል እንደ ፓስታ ተንጨፍርሮ ወጣ። ሁለቱንም በፌስታል አድርጎ ሽቦ ዘንድ ሮጠ። ሽቦ ከመንገዱ ማዶ ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ካውያ የሚጠግን ቀጭን ሰው ነው፤ ስሙ ከሥራው ይውጣ ከቁመናው አይታወቅም።

«ጋሼ፣ ይሄማ የሚጠገን ሳይሆን የሚቀበር ነው» አለ ሽቦ ክሩን በጣቱ አንጠልጥሎ። «ስልክ ላይ እኮ ሬጌ እንደ ጉድ ነው ያለው! ስሙን ይንገሩኝና አሁን ላስደምጥዎት።»

«ስሙን አላውቀውም። ሽፋን አልነበራትም።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

አራሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «አይ ሶ ሹር ናው።»

ሽቦ ስልኩን ነካካ፣ ነካካና አፉን ጠመዘዘ። «ይሄን የሚመስል የለም። ሌላ ደስ የሚል ልስጥዎት?»

«ደስታ አልጠየቅሁህም፤ ያቺን ክር ጠግንልኝ።»

«እሺ፣ አይቆጡ! የተጨማደደውን ቆርጬ በፕላስተር እቀጥላታለሁ። የተቆረጠችው ግን ሄደች ማለት ነው።»

«ምን ያህል ትሄዳለች?»

«ግማሽ ጣት።»

«ግማሽ ጣት ስንት ፊደል ነው?»

ሽቦ ቀና ብሎ አየውና፣ «ጋሼ፣ እኔ በጣት እንጂ በፊደል ሠርቼ አላውቅም። ሦስት ቀን ይስጡኝ» አለ።

ሦስት ቀን አሥር ሰዓት ያለ ዘፈን መጣ፣ ያለ ዘፈን ሄደ። አራሚው ቤቱ ዝም ያለ ይመስለው ነበር እንጂ ለካ እስከዛሬ ዝም አላለም ነበር። የቧንቧው ጠብታ እንኳ እየቆጠረችው ነው። በሦስተኛው ቀን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ሲያይ በሩ ተንኳኳ። በሩ በሰው እጅ ከተንኳኳ ስለቆየ መጀመሪያ የጎረቤት መሰለው።

ከበላዩ ያለው ክፍል የገባችው ነርስ ናት። ከመጣች ሁለት ወሯ ነው፤ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረው አያውቁም። ፀጉሯ ተኝታ እንደተነሳች ነው፣ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር ታትሟል።

«ደህና ዋሉ አባባ? ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት።»

«ደህና ልጄ። የቴፑ ድምፅ ረብሾሽ ከሆነ አሁን እንኳ ተበላሽቷል—»

«ኧረ ምን ረበሸኝ! ጠፋብኝ ልልዎት ነው እንጂ የመጣሁት። ምነው አይዞሽን ዘጉብኝ?»

«ምንን?»

«አይዞሽን! ያን ዘፈን።»

አራሚው የበሩን እጀታ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ነርሷ ያላመናት መስሏት ቶሎ ቶሎ ማስረዳት ጀመረች።

«የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ቀን ነው የምተኛው። ስልኬ ይጮሃል፣ አጠፋዋለሁ። ደግሞ ይጮሃል፣ ደግሞ አጠፋዋለሁ። መነሳቱ አይደለም የሚከብደኝ፤ ተነስቼ ከማን ጋር ላወራ ብዬ ነው። በኋላ ከወለሉ ሥር ያ ዱም ዱም ይመጣል። አልጋዬ ራሱ ይነቀነቃል፣ እያሳቀኝ። ከዚያ ሰውዬው አይዞሽ ይለኛል። እሺ እነሳለሁ እለውና እነሳለሁ። ይኸው ሦስት ቀን ዝም ብትሉኝ ሁለቴ አርፍጄ ኃላፊዬ ጮኸችብኝ። እዚህ ከመጣሁ ሌላ አይዞ ባይ የለኝማ!»

የአራሚው እጅ ሳይልከው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ቃላቱ አፉ ውስጥ ተሰልፈው ነበር፤ «ልጄ፣ ተሳስተሻል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ በእንግሊዝኛ ነው።» ቀጥሎ የሚሆነውንም ያውቀዋል። ትስቃለች። አመሰግናለሁ ትለዋለች። ከነገ ጀምሮ ግን አልጋዋ ላይ ሆና ከንፈሯን ትገጥማለች። እጁ እስክሪብቶውን ነካው፤ እዚያው ቆየ።

«አንድ ነገር ብቻ ግራ ይገባኛል» አለች ነርሷ። «አይዞሽ ካለ በኋላ ናው ይላል። ናው ምንድን ነው?»

አራሚው ዞር ብሎ አንሶላ የለበሰችውን መኪና አየ።

«ነው ለማለት ነው» አለ። «አፉ አልፈታለትም እንጂ።»

«እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር!» ነርሷ ሳቀች፤ ሳቋ ደረጃውን ሞላው። «እርግጠኛ ነዎት ግን?»

«አሁን እርግጠኛ ነኝ።»

በማግስቱ ሽቦ ቴፑንም ካሴቷንም አመጣለት። አሥር ሰዓት ሲሆን አራሚው ቴፑን ከመደርደሪያው አውርዶ ወንበር ላይ አጋድሞ አስቀመጠው፣ አፉ ወደ ጣሪያው እንዲያይ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነው። አንደኛው ዘፈን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ቤዙ ወለሉን ሲይዝ ከላይ አልጋ ተንቋቋ።

«አይ ሶ ሹር ናው» አለ ዘፋኙ፤ ጆሮው ዛሬም ያው ነው። ግን በጣሪያው በኩል፣ ከዘፋኙ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ፣ አንድ እንቅልፍ የተጫነው ድምፅ «አይዞሽ ናው» አለ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይከተላል። አራሚው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አንገቱን ቀና አደረገ። እሷ ትስማው፤ እሱ ባይሰማውስ? ዘፈኑ መቼም የሴት ነው። «አይዞህ» የምታሰኘው ህ የለችበትም።

ሁለተኛው ዙር መጣ። «አይ ሶ—» አለ ዘፋኙና ቀረ። ቀጥታ ቤዙ ገባ።

አራሚው ጣቱን ልኮ ክሩን ትንሽ ወደኋላ መለሳትና ደግሞ ለቀቃት።

«አይዞ።»

ሹርም የለ፣ ናውም የለ። ሽም የለ፣ ህም የለ። ሽቦ ቆርጦ የጣላት ግማሽ ጣት ያቺ ናት። ደግሞ መለሳት። አይዞ። አራተኛ ጊዜ ሊመልሳት እጁን ሲዘረጋ ከላይ ያለችው ነርስ ዘፈኑ ለምን እንደሚደናቀፍ ግራ ገብቷት እግሯን ወለሉ ላይ ሁለቴ መታች፤ ደንግጦ ተወው። ገና አይዞ ብሎ ሳይጨርስ ታርመዋለህ፣ ብላው ነበር ያቺ ሴት። ዛሬ ያረመው እሱ አይደለም፤ የሽቦ መቀስ ነው። ሳይጨርስ ግን ደርሶታል።

እስክሪብቶውን አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ካለው የኮሌታ ወረቀት በላይ ጎንበስ ብሎ፣ በተሰረዘው ቃል ሥር ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ደረደረ። አንዷ ነጥብ ከመስመር ወጣች፤ አላረማትም። ጎኑ ላይ «ይቆይ» ብሎ ጻፈ።

ከላይ በር ተዘጋ። የነርሷ ጫማ ደረጃውን ቶሎ ቶሎ ወረደ፣ በእሱ በር አጠገብ ሳይቆም አለፈ፣ የውጭው በር ጋ ደርሶ ጠፋ። የሥራ ሰዓት ነው፤ ማን ይቆማል? ካሴቷም ጎኗን ጨርሳ ቀጭ አለች።

አራሚው ሰዓቱን አየ። እስከ ነገ አሥር ሰዓት ሃያ አራት ሰዓት ሊል ነበር። አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት ሆኗል። ሃያ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ፣ አራት ነጥብ።